ቀለም ያልነካቸው ሦስት ቅጠሎች

አያቴ ዓይኑ ሲጠፋ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር። ዓይነ ስውር መሪ ይፈልጋል፤ መሪው እኔ ሆንኩ። ከዚያ በፊት ወደ ወንዙ ገደል እንድወርድ የሚፈቅድልኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን በየጠዋቱ የፔካክን እጅ ይዤ (እኛ አያትን ፔካክ ነው የምንለው) በመንደሩ መሃል እንደ ሹም እየተንጎራደድኩ ማለፍ ጀመርኩ። "ዞር በሉ! ፔካክ ረገግ እየመጣ ነው!" እላለሁ። ዳክዬዎቹ እንኳ የሚታዘዙኝ ይመስለኝ ነበር።

የምንወርደው ለቀለም ነው። ገደሉ ውስጥ ቀለም የማይወጣው ነገር የለም፤ ማወቁ ላይ ነው እንጂ። የቲክ ዛፍ ለጋ ቅጠል በመዳፍ ሲታሽ ደም የመሰለ ቀይ ይወጣዋል። እርድ ቢጫ ይሰጣል። ወንዙ ዳር የምንለቅመው ልል ድንጋይ በውሃ ሲፈጭ የሸክላ መልክ አለው። ፔካክ በእነዚህ ሁሉ ክንዴ ላይ ዓሣና ወፍ ይሥልልኝ ነበር። ዓይኑ ከጠፋ በኋላም አልተወውም፤ በአውራ ጣቱ ክንዴን ከእጅ አንጓዬ እስከ ክርኔ እየለካ ይሥላል። አንዳንዴ የዓሣው ጅራት ክርኔ ላይ ይታጠፍና ሁለታችንም እንስቃለን።

ዋናው ሥራ ግን የዘንባባ ቅጠል ላይ ነው፤ ለዘንባባ ቅጠል የሚሆነው ደግሞ ጥቁር ብቻ ነው። ጥቁሩ የሚገኘው ቲንግኪ ከምንለው ፍሬ ነው። ቅርፊቱ እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ ውስጡ ዘይት የጠገበ፣ ሲለኩሱት እንደ ሻማ የሚነድ ፍሬ ነው። ፔካክ ከመሬት የለቀምኩለትን አንድ በአንድ ጆሮው ላይ አስጠግቶ ይነቀንቃል።

"ይሄ ባዶ ነው። ይሄም ባዶ። ይሄኛው ውሸታም ነው፣ ከባድ ይመስላል እንጂ ውስጡ በስብሷል። እ... ይሄ! ይሄን ያዢ፣ ራትሚ።"

"እንዴት አወቅህ?"

"ዝም ብሎ አይደል? የሞላ ነገር አይንኳኳም።"

ዛፉ ያለው ገደሉ ዳር፣ የዳዶንግ ሰምፖል ግቢ ጀርባ ነበር (ሴት አያትን ዳዶንግ ነው የምንለው)። ዳዶንግ ሰምፖል ጥርሷን በምታኝከው የቡሎ ቅጠል ያቀላች፣ ምላሷ የማያርፍ አሮጊት ናት። ስንመጣ ከአጥር ማዶ ትጮሃለች።

"ዕውሩና ድንቢጧ መጡ! ዛሬስ ፍሬዬን ልትጨርሱት ነው?"

"ሰምፖል፣ ድምፅሽን ስሰማ ነው ዓይኔ መጥፋቱ ደስ የሚለኝ፤ ፊትሽን አላይማ!"

"እኔም ደስ ይለኛል! የሃያ ዓመት ኮረዳ ሆኜ ነው ትዝታህ ውስጥ የቀረሁት!"

ወደ ቤት ስንመለስ ፍሬውን ሰብረን በሸክላ ገል ላይ እናቃጥለዋለን። ጭሱ መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ቢጫ ነው፤ ሽታው የተጠበሰ ለውዝ ይመስላል። ፔካክ በአፍንጫው ይጠብቃል። ሽታው ድንገት ሲመር "ክደኚው!" ይለኛል። ያኔ ካልተከደነ አመድ ሆኖ ይቀራል። የቀረውን ከሰል ፈጭተን፣ በኮኮናት ዘይት ጠብ ጠብ እያደረግን እንለውሰዋለን።

ይህ ቀለም ምን እንደሚሠራ መጀመሪያ ያየሁት በአምስት ዓመቴ ነው፤ ዛሬም ሥራዬ ሆኖ በየቀኑ እያየሁት አልለመድኩትም። ፔካክ የሚሥለው በብሩሽ አይደለም። ሁለት ጣት ስፋት፣ ክንድ የሚያህል ርዝመት ያለው የደረቀ ቅጠል በግራ እጁ ይይዝና በትንሽ ቢላ ይቀርጸዋል። ሲጨርስ ቅጠሉ ላይ ምንም የለም። በፀሐይ አዘንብሎ ያየው ሰው ጭረት ቢጤ ሊያይ ይችላል፤ ልጅ ግን ምንም አያይም። ከዚያ ቀለሙን በጨርቅ ነክሮ ቅጠሉን ከዳር እስከ ዳር አጠቆረው። ተበላሸ ብዬ ልጮህ ስል በንጹሕ ጨርቅ ጠረገው። ንጉሡ መጣ። ጦጣዎቹ መጡ፣ ባሕሩ ከነማዕበሉ መጣ፤ ንግሥቲቱ ከነጉትቻዋ ቁጭ ብላለች።

"የት ነበሩ?" አልኩት።

"እዚያው ነበሩ። ቀለሙ ዓይናቸውን ከፈተላቸው እንጂ።"

"ባትቀባቸውስ ኖሮ?"

"ዕውር ሆነው ይቀሩ ነበር።"

እሱ ሲቀልድ ነበር። እኔ ግን ቃል በቃል ያዝኩት።

የአባቴ የባፓ ሥራ ጽሕፈቱ ነበር። ነንጋህ ሱዳርፓ ይባላል። ቅጠሉን የሚያዘጋጀው እሱ ነው፤ ይቆርጣል፣ ይዘፈዝፋል፣ ከቅርፊትና ከሥራሥር ጋር ይቀቅላል፣ ያደርቃል፣ በእንጨት መጫኛ ከዓመት በላይ አስሮ ያስቀምጣል። ከዚያ መሃሉንና ሁለት ጫፎቹን ይበሳል። ስድስት ዓመት ሲሞላኝ አንድ ካህን ለመቅደሳቸው የሥዕል መጽሐፍ አዝዘው ነበርና ከመጫኛው የወጣው ቅጠል ሁሉ ለዚያ የሚሆን ነበር። ሥዕሉ የፔካክ ነው፤ ዓይኑ መደብዘዝ የጀመረውም ያኔ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባፓ ፔካክ የቀረጻቸውን አሥራ ሁለት ቅጠሎች ብቻውን ሲቀባ በበር ቀዳዳ አየሁት። እያንዳንዱን ጠርጎ አየት ያደርግና ቶሎ ይገለብጠዋል። ከዚያ ወደ በረንዳው ወጥቶ "አምሮልዎታል፣ አባዬ። ካህኑ ሲያዩት ደስ ነው የሚላቸው" አለ። ፔካክ ራሱን ነቀነቀ። እኔም የባፓን ቃል አመንኩ፤ ያመንኩትም ስለሚያምር ነው የገለበጠው፣ እንዳይቆሽሽ ብሎ ነው፣ ብዬ ነበር።

የፔካክ ዓይን ጨርሶ በጠፋ ሰሞን ሜሜ፣ እናቴ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ባፓን ስትጠይቀው ሰማሁ።

"ነገም ያንኑ ልትሰጣቸው ነው?"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ከልክዬ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጡ?"

"ቢያውቁብህስ?"

"በምን ያውቃሉ? አያዩም።"

እኔ የሩዝ ነገር መሰለኝ። ለፔካክ የትናንት ሩዝ እያቀረቡለት ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ለሳምንት ያህል ከምበላበት ቅጠል ትኩሱን ሩዝ እየዘገንኩ በድብቅ አጎርሰው ነበር። "ዛሬ ደግሞ ምን ነክቷታል ይቺ ልጅ?" ይላል፤ ግን ይጎርሳል።

ነገሩ የሩዝ አልነበረም። አሥራ ሁለቱ ቅጠሎች ላይ መስመሩ በመስመር ላይ ወጥቶ፣ የንጉሡ ፊት በጦጣ ጅራት ተሰርዞ፣ ግማሹ ሥዕል ከቅጠሉ ጠርዝ ወጥቶ ቀርቷል። ባፓ ዓመት የደከመባቸውን ቅጠሎች ማቃጠል ግድ ሆነበት። ከዚያ በኋላ ሦስት ቅጠል ብቻ ለየ። በየጠዋቱ ከሦስቱ አንዱን እንደ አዲስ ቅጠል ለአባቱ ይሰጣል፣ ማታ ተቀብሎ "አምሮልዎታል" ይላል፣ በማግሥቱ ሌላውን፣ ከዚያ ዞሮ ያንኑ። ቀለም አልነካቸውም። ምን ሊያይ? ይህን የነገረችኝ ሜሜ ናት፤ እኔ ካገባሁ በኋላ።

እኔ የማየው ፔካክ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሲሠራ ነው። ሁልጊዜ ባዶ የሚመስል ቅጠል ጭኑ ላይ ያደርጋል። ድሮ ቢላውን ወዲያው ነበር የሚያነሣው። አሁን ግን ቢላውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ በአውራ ጣቱ ቅጠሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳስሳል፣ ደግሞ ይመለሳል። እሳት ተቀጣጥሎ ሩዝ እስኪበስል ድረስ ይዳስሳል። እኔ ትዕግሥቴ ያልቃል።

"ፔካክ፣ ምን እየሠራህ ነው?"

"ቦታ እየፈለግሁ ነው።"

"ባዶ እኮ ነው! ሁሉም ቦታ ነው!"

"ላንቺ ባዶ ነው" ይለኛል፤ ከዚያ አውራ ጣቱ አንድ ስፍራ ላይ ይቆምና ቢላውን ያነሣል። በቀን የሚቀርጸው ጥፍር የምታህል ቦታ ብቻ ነበር። ሰንፏል ብዬ አስብ ነበር። ለዳዶንግ ሰምፖልም ነግሬያታለሁ።

"ፔካክ ሰንፏል" አልኳት።

"እሱ? ለአንድ ቅጠል ሦስት ወር ቢፈጅ ሊሞት አይፈልግም ማለት ነው" አለችኝ።

ሞተ። የዝናቡ ወራት ሊያልቅ ሲል፣ ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ። ቢላው ጆሮው ላይ ነበር፤ ሥራውን ጨርሶ የሰካው ነው ወይስ ሊጀምር ነው የሚለውን ማንም አላወቀም።

ካህኑ አስከሬኑ የሚቃጠልበትን ቀን ለአምስተኛው ቀን ቆረጡ። ግቢያችን በሰው ሞላ፤ ወንዶች ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ፣ ሴቶች መባ የሚቀመጥበትን ቅጠል ይሠፋሉ። ሬሳ ባለበት ቤት ደግሞ ቅጠል አይቀረጽም፣ ቀለም አይፈጭም፤ ቤቱ ንጹሕ አይደለም ይባላል። ይህን እኔም አውቅ ነበር። ሌላም ተነግሮኛል፤ እንባ አስከሬኑ ላይ ከወደቀ የሟቹ መንገድ ይከብዳል፣ ስለዚህ እዚያ አይለቀስም።

በአራተኛው ቀን ባፓ ከጣሪያው ሥር ሦስቱን ቅጠሎች አወረደና በነጭ ጨርቅ ጠቀለላቸው።

"አብረዋቸው ይሂዱ" አለ።

"ቀለም ሳይነካቸው?" አለች ሜሜ።

"አይነካቸውም። ማንም አያያቸውም። ስማቸው እንደተከበረ ይሂዱ።"

ጥቅሉን ከፔካክ እግር ሥር አኖረው። ሥዕሎቹ ዓይናቸው ሳይከፈት ሊቃጠሉ ነው! ፔካክም የመጨረሻ ሥራው ዕውር ሆኖ አብሮት ከሄደ፣ እዚያ ማን ይመራዋል? እዚያ እኔ የለሁም። ይህንን ሁሉ ለባፓ ብነግረው በጥፊ እንደሚለኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ባፓ ቀንቶ ነው ብዬም አሰብኩ፤ ጽሕፈት እንጂ ሥዕል ስለማያውቅ የአባቱን ሥራ ሊደብቅ ነው። አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ለዓመታት እንደዚያ አስብ ነበር።

ብቻዬን ወደ ገደሉ ወረድኩ። ፍሬዎቹን እየለቀምኩ ጆሮዬ ላይ ነቀነቅኳቸው። ዝም ያሉትን ያዝኩ። ከአሳማዎቹ በረት ጀርባ እሳት አነደድኩ፤ ግቢው ሁሉ ስለሚጨስ ማንም ልብ አላለኝም። ጭሱ ነጭ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፤ "ክደኚው!" የሚለኝ ሰው ግን የለም። ዓይኔን ጨፍኜ በአፍንጫዬ ጠበቅኩ። መረረ። ከደንኩት። ስከፍተው ከሰሉ እንደ ቁራ ላባ ያብረቀርቃል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ጊዜ የለም።

ከዚያ ሰዎቹ ለምሳ ሲቀመጡ አስከሬኑ ወዳለበት ገባሁ። "ፔካክ፣ ልዋሳቸው ነው፤ እመልሳለሁ" አልኩት እግሩን። ጥቅሉን ይዤ ሮጥኩ።

የመጀመሪያውን ቅጠል ከዳር እስከ ዳር አጠቆርኩት። ዘይቱ በዝቶ ነበር መሰለኝ፣ ስጠርገው አልለቅም አለ። አሸሁት፤ አሁንም ጥቁር ነው። በቃ አጠፋሁት፣ ፔካክን ገደልኩት ብዬ ቀሚሴን አውልቄ በቀሚሴ ፈተግኩት።

መጡ።

ነገሥታት አልነበሩም። ቅርጫት የተሸከሙ ሴቶች፣ ዶሮውን ያቀፈ ሰውዬ፣ ዳክዬዎች፣ አሳማ የሚጎትት ልጅ፣ አፏን ከፍታ የምትጮህ ዳዶንግ ሰምፖል! ራሷ ናት፣ በጥርሷ አወቅኳት። ሰው በሰው ላይ፣ እንደ በዓል ዋዜማ ገበያ ጢም ብሎ ሞልቷል። ግን ማንም ማንንም አልረገጠም። የዳክዬዋ ምንቃር በሴትዮዋ ክንድና ወገብ መካከል ባለው ክፍተት ገብቷል። በሁለት ሰዎች እግር መካከል አንዲት ጫጩት ተቀምጣለች። በአንዱ ጠርዝ ደግሞ አንዲት ትንሽ ልጅ አፏን ከፍታ፣ አንድ ሽማግሌን እጁን ይዛ እየጎተተች ትሄዳለች። መንደራችን በሙሉ እዚያ ውስጥ እየተራመደ፣ ድምፁ ሁሉ የሚሰማኝ መሰለኝ።

ያ ቅጠል ተቃጥሏል። የቀረኝ ሦስተኛው ነው፤ አሁን ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። በማጉያ መነጽር ስንት ጊዜ መረመርኩት። መስመር ከመስመር የተነካካበት አንድ ቦታ ብቻ አግኝቻለሁ፤ የአንዲት ዳክዬ እግር የቅርጫት ጠርዝ ነክቷል። በግማሽ ዓይኑ ሲያይ ነው አሥራ ሁለቱን ያበላሸው፤ ዓይኑን አምኖ ነበር። ጨርሶ ሲጠፋ አውራ ጣቱ ተረከበው።

ጥላ አረፈብኝ። ባፓ ነው። ቅጠሎቹን ሲፈልግ ነበር። ሬሳ ባለበት ቤት፣ ያለ ቀሚስ፣ እስከ ክርኔ ጥላሸት ሆኜ አገኘኝ። እጁን አነሣ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጥፊው አልመጣም።

ስገልጥ ቅጠሉን ይዟል። ገለበጠው፤ ጫፉ ላይ ያለችውን፣ ቅጠሉን የሚለይባትን የምስጥ ቀዳዳ ፈለገ፣ አገኛት፣ መልሶ ገለበጠው።

"ይሄን... ሠላሳ ቀን ሰጥቻቸዋለሁ ይሄንን" አለ።

የቅጣቴ ቀን መሰለኝ። "ሠላሳ ቀን ምን ልታደርገኝ ነው?" ብዬ አለቀስኩ። አልሰማኝም። መሬት ላይ ተቀመጠ፣ አሳማዎቹ አጠገብ፣ በነጭ የለቅሶ ልብሱ። ጥፍሩን በሰዎቹ መካከል እያሳለፈ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ከዚያ ጨርቁን ከእጄ ወሰደና ሁለተኛውን ቅጠል ራሱ ቀባው። ሁለተኛውም እንደዚያው ሙሉ ነበር። ሦስተኛውን ሲጠርግ ግን መሃል ላይ አቆመ፤ በዚያው ጨርቅ ዓይኑን ጠረገና ፊቱ ጠቆረ።

"ራትሚ፣ አይታየኝም። ጥጉ ላይ ያሉት ሁለቱ ምን እያደረጉ ነው?"

ጥላሸቱ ዓይኑ ገብቶ ነው ብዬ ተጠግቼ አየሁለት።

"አንዱ ለሽማግሌው አንድ ነገር እየሰጠው ነው።"

"ምን?"

"ዋሽንት ነው። ረጅም ነው፣ ሦስት ቀዳዳ አለው።"

"ዋሽንት" አለ ባፓ።

ዋሽንት ሦስት ቀዳዳ ብቻ እንደማይኖረው ያኔ አላሰብኩም። እኛ ቤት ረጅም ሆኖ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ መሃሉና ሁለት ጫፎቹ የተበሱ ነገር አንድ ብቻ ነው። በአሥራ አራት ዓመቴ ባፓ የመጀመሪያውን ቅጠል በእጄ ሲያኖርልኝ ነው የገባኝ።

"ሽማግሌውስ?" አለኝ። "ተቆጥቷል?"

ደግሜ አየሁ። በእኛ ሥዕል የተቆጣ ሰው ዓይኑ ክብ ነው፣ ጥርሱም ይታያል። ይሄኛው ዓይኑ እንደ ሩዝ ፍሬ ቀጭን ነው። ከንፈሩ ገጥሟል።

"አልተቆጣም፣ ባፓ። በሁለት እጁ ነው የሚቀበለው።"

ባፓ ሦስቱን ቅጠሎች ደረቱ ላይ ይዞ ተነሣ፤ አስከሬኑ ወዳለበት ገባ። ተከተልኩት። አስከሬኑ ላይ እንዳያነባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የቆመው።

"ያውቁ ነበር ለካ፣ አባዬ" አለ። "በየቀኑ ያውቁ ነበር ለካ።"

ሲወጣ ግቢው ሙሉ ሰው አየው፤ ፊቱ ጥቁር፣ ነጭ ልብሱ ጥቁር፣ እጁ ጥቁር። ቀርከሃ የሚሰነጥቁት ሥራቸውን አቆሙ። ሜሜ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዳዶንግ ሰምፖል ናት ቀድማ የተናገረችው።

"ነንጋህ፣ አብደሃል እንዴ? ሬሳ ባለበት ቤት ቀለም? ሂድ ፊትህን ታጠብ፣ ሰው ምን ይላል?"

ባፓ አልታጠበም። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ከፍ አድርጎ፣ ሁሉም እንዲያያቸው፣ በሰዎቹ መካከል ማለፍ ጀመረ።

"አባቴ ሥራቸውን ጨርሰው ነበር" እያለ። "ሳልቀባላቸው የቀረሁት እኔ ነኝ።"